የአያት ርስት

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በዘመሮ ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የደብራችን አለቃ በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ ስለ ምን እንደምናገር ብዙ ቀን አሰብሁ። ስለ ሕንጻው እንዳልናገር፥ ድንጋይ ተሸክመው ያነጹት አባቶች በፊቴ ተቀምጠዋል። ስለ መጻሕፍት ምስጢር እንዳልናገር፥ ሊቃውንቱ ባሉበት ስፍራ የእኔ አፍ መከፈቱ ድፍረት ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የማውቀውን፥ ይኸውም ያሳደጉኝን የአያቴን ነገር ልነግራችሁ ቈረጥሁ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ ከቀበሌያቸውም ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓለም ካየሃቸው ሰዎች ማንን ልትመስል ትወዳለህ ተብዬ ብጠየቅ፥ ከእርሳቸው በቀር ሌላ ሰው አልጠራም።

አስቀድሜ ስለ በዓላችን ስም ጥቂት ልናገር። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት እንዲነፉ፥ ባሪያ የሆነው ነጻ እንዲወጣ፥ በድህነት ምክንያት ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ እንዲመለስ እግዚአብሔር አዘዘ። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የእልልታና የዝማሬ በዓል ብቻ አይደለም፤ ወደ ርስት የመመለስ ዓመት ነው። እኛም ዛሬ 50 ዓመት ቈጥረን ከበሮ ስንመታ፥ የምንመለስበት ርስት ምንድር ነው? ያወረሰንስ ማን ነው? ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

ርስት የሚለው ቃል ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። በማማም፥ በላሎም፥ በጌራም ምድር አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ፥ በአባቱም በኩል ቢሆን በእናቱም በኩል ቢሆን፥ ትውልዱን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። በብዙ አገር መሬት በወንድ በኩል ብቻ ሲወርድ፥ በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ርስት ትወርስ፥ ለልጅ ልጇም ታወርስ ነበር። ስለዚህ ባለርስት ነኝ ብሎ በዳኛ ፊት የሚቆም ሰው፥ የወንዶቹን ብቻ ሳይሆን የአያቶቹንና የቅድመ አያቶቹን የሴቶቹንም ስም ሳይሳሳት ሊጠራ ግድ ነበረበት። የአንዲት አያት ስም የተረሳ እንደ ሆነ፥ በእርሷ በኩል የሚመጣው መሬት ሁሉ ይጠፋ ነበርና። ይህችን ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አያቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ፥ በእናታቸው እናት በኩል የሚደርሳቸውን መሬት አንድ የሥጋ ዘመዳቸው ከለከላቸው። «በዚያች ሴት በኩል ትውልድ የለሽም፤ እርሷንም የሚያውቃት ሰው የለም» አላቸው። እርሳቸውም ነገረ ፈጅ የሚያቆሙበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ወንድ ልጅም አልነበራቸውም፤ እናቴም በሞት ቀድማቸው ነበር። ነጠላቸውን አደግድገው ራሳቸው ሊሟገቱ ወጡ። እኔ በዚያን ጊዜ የበሶ ስልቻ ተሸክሜ የምከተላቸው ብላቴና ነበርሁ። ቀጠሮው ሲመላለስ ሦስት ክረምት አለፈ። በመጨረሻው ቀን ዳኛው ሁለቱንም ትውልድ ቍጠሩ አሏቸው። ባለጋራቸው አራት ትውልድ ከቈጠረ በኋላ ከአንዲት ሴት ስም ላይ ደርሶ ቆመ። አያቴ ግን ከራሳቸው ጀምረው እስከ አቅኚው አባት ድረስ፥ ማን ከማን እንደ ተወለደ፥ የትኛዋ እኅት ወዴት እንዳገባች፥ በየትኛው ደብር እንደ ተቀበረች፥ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ቈጠሩት። ችሎቱ ጸጥ አለ። መሬቱም ለእርሳቸው ተፈረደ።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባኝም፤ አያቴ ጉድለት የሌለባቸው መልአክ አልነበሩም። ከረቱ በኋላ ከዚያ ዘመዳቸው ጋር ሰባት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ እየሳለሙ፥ በአንድ ቅዳሴ እየቆሙ፥ ፊት ለፊት አይተያዩም ነበር። በኋላ የንስሐ አባታቸው «የረታሽበትን መሬት እያረስሽ ወንድምሽን ብታጪ፥ ማን ረታ?» ቢሏቸው፥ ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኙ አደሩ። በማለዳ አንድ እንስራ ጠላ በእኔ አሸክመው፥ ከዚያ ሰው ደጅ ሄደው ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ። የረታ ሰው ለተረታው ድንጋይ ሲሸከም ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። እርሱም ወጥቶ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደና ተላቀሱ። እኔ ከትልቁ ሙግት ይልቅ ይህን ትንሹን ድንጋይ አስበዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ያ አዋጅ በብዙ አገር ለጭሰኛው ዕረፍት ሆኖለታል፤ በእኛ አገር ግን ትውልድ እየቈጠረ ርስቱን ይዞ የኖረው ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔም በዚያን ጊዜ በከተማ እማር ነበርና፥ አያቴ በእንባ ይቀበሉኛል ብዬ እየፈራሁ ወደ ቤት መጣሁ። ያገኘኋቸው ግን በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጠጕር ሲፈትሉ ነው። «እንግዲህ ያን ሁሉ የተሟገቱበት ርስት ሄደ» ብላቸው፥ እንዝርቱን ሳያቆሙ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤ «መሬቱ ቢሄድ ትውልዱ ወዴት ይሄዳል? እኔ ለጭቃው ብቻ የተሟገትሁ መስሎህ ነውን? እናቴን የወለደችውን ሴት የሚያውቃት የለም ስላሉኝ ነው እንጂ።»

ወንድሞቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ግን የርስትን ትርጓሜ ያስተማሩኝ እርሳቸው እንደ ሆኑ አውቃለሁ። አዋጅ የሚወስደው ርስት አለ፤ አዋጅ የማይደርስበት ርስትም አለ።

ይህ ሁለተኛው ርስት ምን እንደ ሆነ ላስረዳችሁ። የአገራችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ባቄላውን ሲያጠቍረው ያላየ ሰው በመካከላችን የለም። እግዚአብሔር ግን ብርድን ለሰጠው አገር ጠጕራሙን የመንዝን በግ ሰጠው። ጠጕሩ ይሸለታል፤ ይታጠባል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ባናና ዝተት አድርጎ ይሠራዋል። አንድ ባና ለመሥራት የሚበቃ ክር ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የምታውቁት እናቶች ናችሁ። አያቴ ሲፈትሉ አፋቸው አያርፍም ነበር፤ ግን ሐሜት አይወጣውም። አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማሉ፤ የእመቤታችንን ሰላምታ ይደግማሉ፤ የሞቱትን ወገኖቻቸውን በስመ ክርስትናቸው እየጠሩ ነፍስ ይማር ይላሉ። እኔም ከጕልበታቸው ሥር ተኝቼ፥ የኔታ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ጸሎቱን በቃሌ ያዝሁት። ክሩና ጸሎቱ አንድ ላይ ሲረዝሙ አየሁ። ባናው ተሽጦ ለእኔ ደብተርና ልብስ ሆነ፤ ጸሎቱ ግን አልተሸጠም፤ እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ አለ።

አሁን ደግሞ የራሴን በደል ልንገራችሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም፤ ነገር ግን ኢዮቤልዩ ዕዳ የሚፈታበት ዓመት ነውና ዕዳዬን በፊታችሁ ላውጣ። በከተማ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ አያቴ ስንቄን ተሸክመው ሁለት ቀን በእግራቸው ተጕዘው መጡ። ጥቁሩን ባናቸውን ተጐናጽፈዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው፤ አቧራው እስከ ጕልበታቸው ደርሷል። ጓደኞቼም የከተማ ልጆች ነበሩና «እኚህ ሴት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፈርሁ። አያቴ ናቸው ማለት ተስኖኝ «ካገሬ የመጡ ሴት ናቸው» አልኋቸው። እርሳቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። ስንቁን ከጀርባቸው አውርደው በእጄ ሰጡኝና፥ ጓደኞቼን በፈገግታ እያዩ «እውነቱን ነው፤ ካገሩ የመጣሁ ሴት ነኝ» አሉ። ከዚያም ግንባሬን ስመው፥ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። ስልቻውን ስፈታው በሶ፥ ቈሎና ጭኮ ነበረበት፤ ከሁሉም በታች ለብርዱ ብለው ያሠሩልኝ አዲስ ባና ተጣጥፎ ተቀምጦአል። ሌሊቱን በዚያ ባና ተሸፍኜ አለቀስሁ። በኋላ ይቅርታ ልለምናቸው ብሞክር «የምን ይቅርታ? እኔ ካገርህ ካልመጣሁ አገርህ ወዴት ነው?» ብለው አስቀሩኝ። ዳግመኛም ያን ነገር አላነሡብኝም።

ይህን የነገርኋችሁ በመካከላችን ዛሬም እንዲህ ያለ እፍረት ስላለ ነው። በአዲስ አበባና ከዚያም በሚርቅ አገር የምትኖሩ የደብራችን ልጆች ለዚህ በዓል መጥታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የአያታችሁን ባና፥ አነጋገር፥ ጾም ለልጆቻችሁ ስትነግሩ እንደ ሥቃይ ዘመን ታሪክ ብቻ አትንገሩ። እኛ ያፈርንበት ያ ባና ነው ያሞቀን።

አያቴ በስተርጅና መነኰሱ፤ እኛም እማሆይ እያልን እንጠራቸው ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ አገራችንን በመታ ጊዜ፥ በልጉ ከልክሎ በጎታቸው ውስጥ የቀረው ለዘር ያኖሩት ገብስ ብቻ ነበር። በመንዝ ገበሬ ዘንድ ዘር መንካት ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን አንዲት ጐረቤት ሦስት ልጆቿን ይዛ ከደጅ መጥታ ተቀመጠች፤ አልለመነችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። አያቴም ቍና አምጥተው ገብሱን ከሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን መልሰው ወደ ጎታው፥ ግማሹን ወደ ሴቲቱ ስልቻ ሰፈሩት። ከቤተ ዘመድ አንዱ ተቈጥቶ «ዘሩን አጥፍተው በሚመጣው ዓመት ምን ይዘራል?» ቢላቸው «ሰውም ዘር ነው» አሉት። ከዚያች ቃል በላይ አልተናገሩም። ያ ግማሽ ዘር በቀጣዩ ዓመት ምን ያህል እንዳፈራ እኔ አልመሰክርም፤ ከሦስቱ ልጆች ግን ሁለቱ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ውስጥ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል።

ይህን ሁሉ ስናገር፥ ምናልባት አንድ ሰው «ስለ አሮጊት ይህን ያህል መናገር ለቤተ ክርስቲያን ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። እንግዲህ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስን እንስማ። በእስር ቤት ሆኖ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት ሲጽፍ፥ የልጁን እምነት ከየት እንደ መጣ ሲያስታውሰው አስቀድሞ የአያቱን የሎይድን ስም፥ ከዚያም የእናቱን የኤውንቄን ስም ጠራ። የጢሞቴዎስ አባት አረማዊ እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ተጽፎአል፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የእምነት ርስት የወረደው በሴቶቹ በኩል ነው። ሎይድ ምን እንደ ተናገረች፥ የት እንደ ሞተች አልተጻፈም፤ የተጻፈው ስሟና እምነቷ ብቻ ነው። ይህም በቃ፤ ከእርሷ የተማረው ልጅ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖአልና።

እመቤታችንም ከቅድስት ሐና ተወልዳለች፤ ሐናም ለጌታችን በሥጋ አያቱ ናት። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ስናከብር፥ ንፍሮውን ቀቅለን ከደጅ ወጥተን ስንበላ፥ የአንዲት መካን የነበረች ሴት ደስታ ነው የምናከብረው። ነገር ግን ሽበት ብቻውን ቅድስና አይሆንም፤ ጎቶልያም አያት ነበረች፤ ለመንገሥ ብላ የልጅ ልጆቿን ያስፈጀች እርሷ ናት። እንግዲህ አያት ሁሉ ወይ እንደ ሎይድ ታወርሳለች፥ ወይ እንደ ጎቶልያ ታጠፋለች። እናንተም በዚህ ያላችሁ እናቶች፥ ሳታስቡት በየምድጃችሁ የምትፈትሉት ክር የትውልድ ክር ነውና አጥብቃችሁ ፍተሉት።

በታሪካችንም ስማቸው የተጻፈላቸው አያቶች አሉ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት፥ የንጉሥ ኃይለ መለኮት አያት፥ የዳግማዊ ምኒልክ ቅድመ አያት የሆኑት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። በ1834 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ይህን በጕዞ ማስታወሻው ስለ ጻፈው፥ እስከ ዛሬ እናነበዋለን። እኚያ ወይዘሮ የንጉሥ እናት ባይሆኑ ኖሮ፥ የውጭው እንግዳም ብዕር ይዞ ባይመጣ ኖሮ፥ ስማቸው ምን ያህል በተጻፈልን? በዚያው ዘመን በየጐጆው እሳት ሲያነዱ፥ ጠጕር ሲፈትሉ፥ ልጅ ክርስትና ሲያስነሡ የኖሩት ሴቶችስ? ማን ጻፋቸው?

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ለዚህ በዓል ሲዘጋጅ፥ በአለቃ ፈቃድ ይህ ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት ዘመን ስጦታ የተመዘገበበትን አሮጌ መዝገብ ገልጬ አየሁ። በሬ የሰጠው በስሙ ተጽፎአል፤ እንጨት የሰጠው በስሙ ተጽፎአል፤ ብር የሰጠው ከነአባቱ ስም ተጽፎአል። ከገጾቹ በአንዱ ግርጌ ግን «ከአንዲት ባልቴት፥ አንድ ዝተት» የሚል አገኘሁ። ያን ዝተት አውቀዋለሁ። ክሩ ሲፈተል በምድጃው አጠገብ ነበርሁ። ጸሐፊው የዘነጋ አይምሰላችሁ፤ ስምዎ ማን ልበል ብለው ቢጠይቋቸው «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው እንደ ተመለሱ ሰምቼ ነበር። እርሳቸው ስማቸውን መሸሸጋቸው ጽድቅ ነው። እኛ ስማቸውን መርሳታችን ግን ጽድቅ አይደለም።

አስቀድሜ በልባችሁ አኑሩልኝ ያልኋችሁን ነገር አሁን አንሡልኝ። በአባቶቻችን ሕግ የአንዲት አያት ስም የተረሳ እንደ ሆነ፥ በእርሷ በኩል የሚመጣው ርስት ይጠፋ ነበር። የመሬቱ ሕግ በ1967 ዓ.ም. አለፈ፤ የነፍስ ሕግ ግን አላለፈም። ያስተማረችንን የረሳን እንደ ሆነ ያስተማረችን ነገርም ከእጃችን ይወጣል። ጾሙን ማን እንዳስለመደን ስንረሳ ጾሙ ሸክም ይሆንብናል፤ እርቁን ማን እንዳሳየን ስንረሳ ድንጋይ መሸከሙ ውርደት ይመስለናል፤ እንጀራውን ማን እንደ ቈረሰልን ስንረሳ ለጐረቤት የምንሰፍርበት ቍና ይጠፋብናል።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያው፥ ካህናት አባቶቼ ሆይ፥ በደብሩ አንድ አዲስ መዝገብ እንዲከፈት ፍቀዱልን፤ እያንዳንዱ ቤትም የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስመ ክርስትና ያስመዝግብ፤ በመታሰቢያቸውም ቀን ስማቸው በጸሎት ይጠራ። ይህ ብር አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃዋል። ሁለተኛውም፥ ወጣቶች ሆይ፥ አያታችሁ በሕይወት ያለች እንደ ሆነ፥ ዛሬ ማታ ከበዓሉ ስትመለሱ ከአጠገቧ ተቀመጡና ትውልድ አስቈጥሯት። እናቷ ማን እንደ ነበረች፥ የእናቷም እናት ማን እንደ ነበረች ጠይቋት፤ ስትነግራችሁም ጻፉት። የእኔ አያት የቈጠሩትን ትውልድ እኔ በጊዜው አልጻፍሁትምና፥ ዛሬ ስቈጥር ከአምስተኛዋ ሴት ላይ ደርሼ እቆማለሁ። በችሎት እንደ ቆመው እንደዚያ ሰው ቆሜ እቀራለሁ። ይህ ጸጸት በእናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምለምናችሁ።

የአያቴን ስም በዚህ አደባባይ አልጠራውም፤ እርሳቸው አይወዱም ነበርና። ነገር ግን መዝገቡ የተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው ገጽ፥ በመጀመሪያው መስመር ላይ፥ ስመ ክርስትናቸውን በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ። ከስሙም አጠገብ «አንድ ዝተት» ብዬ እጨምራለሁ። ደግሞም በከተማ የክብር ስማቸውን የከለከልኋቸው እኔ ነኝና «አያቴ» ብዬ እጽፋለሁ።

እግዚአብሔር አምላክ ያለፉትን እናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያሉትንም በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን። እኛንም ወደ ርስታችን ይመልሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።